ሻወር ውስጥ መሽናት፦ ወሬውና እውነታው

«ሽንት ከጀርም የጸዳ ነው፤ ምን ችግር አለው?» ይህን ሐኪሞችም ለብዙ ዓመታት ሲሉት ኖረዋል። የተለመደው የካልቸር ምርመራ የሚያሳድገው ጥቂት የባክቴሪያ ዓይነቶችን ብቻ ስለሆነ ሌሎቹ ሳይታዩ ቆዩ። እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ የቺካጎው ሎዮላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዘዴውን አሻሽለው ሲያዩ፣ ምንም ሕመም የሌለባቸው ሴቶች ፊኛ ውስጥም ባክቴሪያ አገኙ። ይህ ሲባል ሽንት መርዝ ነው ማለት አይደለም። 95 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው፤ የጤነኛ ሰው ሽንት እግር ላይ ወርዶ ወዲያው ቢታጠብ ቆዳ አይጎዳም።

«የእግር ፈንገስ ያድናል።» ዘፋኟ ማዶና እ.ኤ.አ. በ1994 በዴቪድ ሌተርማን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ተናግራው ወሬው ገነነ። ሽንት ውስጥ የሚገኘው ዩሪያ የተባለ ንጥረ ነገር እርግጥ የቆዳ ቅባት ውስጥ ይገባል፤ ግን ከ10 እስከ 40 በመቶ ሆኖ ነው። ሽንት ውስጥ ያለው 2 በመቶ ገደማ ነው፣ እሱም በውሃው ታጥቦ ይሄዳል። የፋርማሲውን ቅባት መቀባት፣ የጣት መሃልን ማድረቅ፣ ነጠላ ጫማ አለመዋዋስ ይሻላል።

«ውሃ ይቆጥባል።» እ.ኤ.አ. በ2009 የብራዚሉ ኤስ.ኦ.ኤስ. ማታ አትላንቲካ የተባለ ድርጅት በቀን አንድ ጊዜ የሽንት ቤት ውሃ አለመልቀቅ በዓመት 4,380 ሊትር ያተርፋል ብሎ ቀስቅሶ ነበር። ስሌቱ ልክ ነው፤ የሚሠራው ግን በአንድ ልቀት 12 ሊትር ለሚያፈስ ሽንት ቤትና ያለማቋረጥ ለሚወርድ ሻወር ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ከባልዲ በጆግ እየቀዳ የሚታጠብ ሰው ግን ቁጠባን ከብራዚል መማር አያስፈልገውም። የእሱ ችግር ሌላ ነው፤ ሁለት ጆግ ውሃ ሽንቱን ከወለሉ ጠርጎ አይወስድም። በሴራሚኩ መጋጠሚያና በፍሳሹ ቀዳዳ አፍ ላይ የቀረውን ዩሪያ ባክቴሪያዎች ወደ አሞኒያ ይለውጡታል። በማግስቱ በሩ ሲከፈት አፍንጫ የሚሰነፍጠው እሱ ነው። የሸና ሰው ቀዳዳው ላይ ጥቂት ጆግ ይጨምር፤ ተከራዮች በጋራ በሚጠቀሙበት መታጠቢያ ቤት ደግሞ ባይሸና ይመረጣል።

«በሽታ ያስይዛል።» ይሄኛው ፍርሃት እኛ ዘንድ የቆየ ዘመድ አለው፤ የጋለ ድንጋይ ላይ ወይም ጨረቃ ፊት የሸና ጨብጥ ይይዘዋል ይባላል። የጨብጥን ባክቴሪያ አልበርት ናይሰር እ.ኤ.አ. በ1879 ለይቶታል፤ የሚተላለፈውም በግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው። ድንጋዩም፣ ጨረቃዋም፣ ሻወሩም የሉበትም። ወሬው የሚጎዳው ሲሸና የሚያቃጥለውን፣ መግል የሚያየውን ሰው ነው፤ በድንጋዩ እያሳበበ ይቆያል፣ የትዳር ጓደኛውም ሳትታከም ትቀራለች። ጤና ጣቢያ መሄድ ያለባቸው ሁለቱም ናቸው።