የጉልበት ቁርጥማትና መርፌው

በከፋ ምድር ዳገት ያልወጣ ሰው የለም። ከማሳ ወደ ቤት ዳገት ነው። ቦንጋ ገበያ ስንሄድም ዳገት ነው። ቡናውንም እንጨቱንም እንሸከማለን። እናቶች እንሰት ሲፍቁ ይውላሉ። ዕድሜ ሲገፋ ታዲያ ጉልበት ያማል። ጠዋት ስንነሳ ይይዘናል። ቁልቁለት ስንወርድ ይብስበታል።

ይህ ለምን ይሆናል? ጉልበት ላይ አጥንቶች ይገናኛሉ። ጫፋቸው ልስልስ ሽፋን አለው። ሽፋኑ አጥንት ከአጥንት እንዳይፋተግ ይከላከላል። ከብዙ ዓመት በኋላ ይሳሳል። ያን ጊዜ ጉልበት ያማል፤ ያብጣልም።

ብዙዎቻችን «መርፌ ብወጋ እኮ በዳንኩ» እንላለን። እውነት ነው፣ መርፌ አለ። ኮርቲዞን ከሚባለው ወገን የሆነ መድኃኒት መገጣጠሚያው ውስጥ ይወጋል። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1951 ወዲህ ሐኪሞች ይሠሩበታል። እብጠትን ያበርዳል፣ ሕመምን ያስታግሳል። ግን የሚያስታግሰው ለጥቂት ሳምንታት፣ ቢበዛ ለጥቂት ወራት ነው። የሳሳውን ሽፋን አይመልስም።

አንዲት እናት ተወግታ ሕመሙ ተወላት እንበል። «ድኛለሁ» ብላ ሸክሙን ብትጨምር ጉልበቷ ይጎዳል።

መርፌውን ማብዛትም ጥሩ አይደለም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2017 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት 140 ሰዎችን ለ2 ዓመት ተከታተለ። ግማሾቹ በየ3 ወሩ መድኃኒቱን ተወጉ። ግማሾቹ የጨው ውኃ ብቻ ተወጉ። መድኃኒቱን የተወጉት ሽፋናቸው ይበልጥ ሳሳ። ሕመማቸውም ከሌሎቹ የተሻለ አልሆነም።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። በየመንደሩ እየዞረ ለሚወጋ ሰው ጉልበታችንን አንስጥ። ንጹሕ ያልሆነ መርፌ ጀርም ያስገባል። መገጣጠሚያ ይመግላል፤ ነፍስም ሊጠፋ ይችላል። ሌላ ሰው የተወጋበት መርፌ ኤች አይ ቪንና የጉበት በሽታን ያስተላልፋል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. ሸክም እናቅልል። በአንድ ጊዜ የምንሸከመውን ሁለት ጊዜ እናመላልሰው።

2. ምርኩዝ እንያዝ። የሚያመን ቀኝ ጉልበት ከሆነ ምርኩዙን በግራ እጅ እንያዝ።

3. ተቀምጠን እግራችንን ቀጥ አድርገን እናንሳ። እስከ 5 ቆጥረን እናውርድ። በየቀኑ ብንደጋግመው የጭን ጡንቻ ይጠነክራል፤ ጉልበትን ያግዛል።

4. ሕመሙ ከባሰ ጤና ጣቢያ እንሂድ። በቦንጋ የገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል አለ። መርፌ ያስፈልግ እንደሆነ የሚወስነው ሐኪም ነው። ስኳር ያለበት ሰው አስቀድሞ ይንገር፤ መርፌው ስኳርን ለጥቂት ቀናት ከፍ ያደርጋል።

5. ከተወጋን በኋላ ጉልበቱ ቢቀላ፣ ቢግል ወይም ትኩሳት ቢመጣ ሳናድር እንመለስ።

ይህን ገጽ ማንበብ ለማይችሉ አባቶችና እናቶች ዛሬ ማታ እናንብብላቸው።