የቤት መግዣው ገንዘብ የማን ነው?

የዛሬው ርዕሳችን በየቤቱ ከእራት በኋላ የሚነሳ ነው፤ «ቤት እንግዛ ወይስ እንቆይ?»

በአራዳና በፒያሳ ይህ ጥያቄ ለረጅም ዘመን ብዙም አያስጨንቅም ነበር። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 በ1967 ዓ.ል. ከወጣ በኋላ አነስተኛ ኪራይ የሚከፈልባቸው ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። በሠራተኛ ሰፈር፣ በዶሮ ማነቂያ፣ በእሪ በከንቱ፣ በቤኒን ሰፈር በኑር መስጂድ ዙሪያ ልጆቹን ያሳደገ ብዙ ቤተሰብ በወር የሚከፍለው ኪራይ የአንድ ቀን አስቤዛ እንኳ አይሞላም ነበር። በ2016 ዓ.ል. ፒያሳ ለኮሪደር ልማት ስትፈርስ ግን ጥያቄው በአንድ ጊዜ መጣ። የቀበሌ ቤት ተከራዩ ወይ ኮንዶሚኒየም ይገዛል፣ ወይ ምትክ የቀበሌ ቤት ይከራያል፤ ውሳኔውም ቀን የሚሰጥ አልነበረም። ቀደም ሲል በልደታና በባሻ ወልዴ ችሎት መልሶ ማልማት ጊዜም ሰው የገጠመው ይኸው ምርጫ ነው። ያኔ ቅድመ ክፍያውን ተበድረው የገዙ፣ በኋላ ወርሃዊው ክፍያ ሲከብዳቸው ቤታቸውን አከራይተው እነርሱ በርካሽ ኪራይ የገቡ ጥቂቶች አይደሉም።

ስለዚህ ቅድመ ክፍያው ሲሞላ «ደርሰናል» ከማለታችን በፊት ያ ገንዘብ የማን እንደሆነ እንጠይቅ።

ከዕቁብ እንጀምር። 50 ሰዎች በየሳምንቱ 2,000 ብር የሚጥሉበት ዕቁብ 100,000 ብር ይሆናል። ዕጣው በአሥረኛው ሳምንት የወጣለት ወንድማችን ከያዘው ገንዘብ ውስጥ የራሱ 20,000 ብር ብቻ ነው። 80,000 ብሩ የዕቁብተኞቹ ነው፤ በቀሩት 40 ሳምንታት ይመልሰዋል። ይህን «ቁጠባዬ» ብሎ ለቤት ያስረከበ ሰው አንድ ዕዳ ተሸክሞ ሁለተኛውን ጀምሯል ማለት ነው።

ከሁሉም በላይ ቸል የሚባለው የሚስት ወርቅ ነው። ፒያሳ የወርቅ ቤቶች ሰፈር ናትና ይህን ለእናንተ ማስረዳት አያሻም። እህታችን የመህሯን ወርቅ ካንገቷ አውልቃ ትሸጣለች፤ ብሩ ከባሏ ብር ጋር ይደባለቃል፤ ውሉ በባልየው ስም ብቻ ይፈረማል። «ቤታችን አይደል እንዴ?» ይባላል። መህር ግን የሚስት ንብረት ነው። ነገ ባልየው ወደ አኼራ ቢሄድና ወራሾች ቢሰበሰቡ፣ ቤቱ በሙሉ የሟች ንብረት ተብሎ ከተቆጠረ ልጆች ላሉት ባል ሚስት የሚደርሳት ስምንት አንድ ይሆናል። የገዛ ወርቋን ለሌሎች አካፍላ ቀረች ማለት ነው! ስለዚህ ከፊርማው በፊት ባልና ሚስት ይነጋገሩ። የሰጠችው በስጦታ ነው? በብድር ነው? ወይስ በድርሻ? ድርሻ ከሆነ ስሟ በውሉ ይግባ፤ ብድር ከሆነ መጠኑ በምስክር ይጻፍ። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ፣ የአል-በቀራ 282ኛው፣ ዕዳን ስለመጻፍ የሚናገር ነው። በባልና ሚስት መካከል መጻፍ ያሳፍራል የሚል ካለ ይህን ያስታውስ።

ከወላጅ ቤት ሽያጭ የመጣ ገንዘብ ከሆነም የእህቶች ድርሻ ሳይለይ አይነካ። ለቤት የተጠራቀመ ብር የ85 ግራም ወርቅ ዋጋ ከደረሰና ዓመት ከሞላው፣ በብዙኃኑ ዑለማ ዘንድ 2.5 በመቶ ዘካ አለበት፤ «ለቤት ያስቀመጥኩት ነው» ማለት አያስቀረውም።

ይህ ሁሉ ተቀንሶ የቀረው የራሳችን ነው። ታዲያ ቀሪውን በምን እንክፈል? በወለድ የሚሰጥ የባንክ ብድር ሪባ ስለሆነ ብዙ ሙስሊም ቤተሰብ ለዓመታት ከቤት ግዢ ርቆ ኖሯል። በመደበኛ ባንኮች ውስጥ ከወለድ ነፃ አገልግሎት ከተከፈተና በ2013 ዓ.ል. ዘምዘም ባንክ፣ ተከትሎም ሂጅራ ባንክ ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ግን በር ተከፍቷል። በሙራበሓ ውል ባንኩ ንብረቱን ራሱ ገዝቶ፣ ትርፉን ገልጾ፣ በተወሰነ ዋጋ በየወሩ እንዲከፈለው ይሸጥልናል፤ ዋጋው ከተፈረመ በኋላ አይጨምርም። ሆኖም ሐላል ዕዳም ዕዳ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በሟች ላይ ከመስገዳቸው በፊት ዕዳ አለበት ወይ ብለው ይጠይቁ እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። ውሉ ሸሪዓውን መጠበቁ ደመወዛችን እንደሚበቃው አያረጋግጥም።

ለዚህ አንድ መፈተኛ አለ። ወርሃዊው ክፍያ 15,000 ብር፣ የአሁኑ ኪራይ 4,000 ብር ነው እንበል። ልዩነቱን 11,000 ብር ለስድስት ወራት በተለየ ሒሳብ አስቀምጡ። ረመዷንና ዒድ፣ ወይም የመስከረም የትምህርት ቤት ወጪ በመካከሉ ይግባበት፤ ቀላሉን ወር ብቻ መርጦ መፈተን ራስን ማታለል ነው። ቤቱ በከተማው ዳርቻ ከሆነ የታክሲውንም ጨምሩ። ሱቁ ፒያሳ ለሆነ አባወራ፣ ደንበኞቿ ሁሉ አራዳ ላሉ ልብስ ሰፊ፣ መንገዱ በየቀኑ የደርሶ መልስ ወጪ ነው። በችግር ቀን በዱቤ የሚሰጠው የሰፈር ባለሱቅም አብሮ አይሄድም።

ስድስቱን ወራት ያለ ብድር ከዘለቃችሁ፣ የተጠራቀመው 66,000 ብር ለበርና መስኮት፣ ለወለልና ለቆጣሪ ይሆናችኋል፤ ኮንዶሚኒየም ሲረከቡት ብዙ ሥራ ይቀረዋልና። በሦስተኛው ወር ከሒሳቡ ማውጣት ከጀመራችሁ ግን ምትክ የቀበሌ ቤት ያገኘ ቤተሰብ እዚያው ይቆይ፤ ተከራዩም ኪራዩን እየከፈለ የቻለውን ያህል ያስቀምጥ።