የሯጭ ደምና የሯጭ ድካም

ሰው ከባልንጀራው የሚበልጥ ሰው ባየ ጊዜ ምክንያቱን ከትውልድ መፈለግ ልማዱ ነው። ጐበዝ ቢያይ ከጀግና ዘር ነው ይላል፤ ዐዋቂ ቢያይ ከሊቅ ቤት ነው ይላል። የኢትዮጵያ ሯጮች በዓለም አደባባይ ድል ባደረጉ ቍጥርም «ይህ የደጋ ሰው ደም ነው» የሚለው ቃል ከብዙዎች አፍ ይሰማል። በዚህ ቃል ውስጥ ጥቂት እውነት አለበት። ነገር ግን እውነቱ ሳይመረመር ከቀረ አንዱን ወደ ስንፍና፣ ሌላውንም ወደ ማጭበርበር ይወስደዋል። ስለዚህ ደም በሯጭ ሰውነት ውስጥ የሚሠራውን ሥራ አስቀድሞ ማወቅ ይገባል።

ሰው የሚበላው እህል ለሰውነቱ እንደ ማገዶ ነው፤ ማገዶም ያለ አየር አይነድም። ጡንቻ ብዙ ጊዜ ሳይደክም መሥራት የሚችለው ከአየር ውስጥ ኦክሲጅን የሚባለውን ክፍል ሳያቋርጥ ሲያገኝ ነው። የደም ፈሳሽ ብቻውን በአንድ ሊትር ሊሸከም የሚችለው ኦክሲጅን 3 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ ይህም ለሯጭ ይቅርና ተኝቶ ላለ ሰው እንኳ አይበቃም። ነገር ግን በቀዮቹ የደም ሕዋሳት ውስጥ ብረት ያለበት ሄሞግሎቢን የሚባል ነገር አለ። እርሱም እንደ ጭነት በቅሎ ሆኖ ከሳንባ ይጭናል፤ ከጡንቻ ዘንድም ያራግፋል። በእርሱ ምክንያት አንዱ ሊትር ደም እስከ 200 ሚሊ ሊትር ያህል ኦክሲጅን ይዞ ይሄዳል። ጡንቻ በሥራ ሲግል ሙቀቱ ሄሞግሎቢኑ ጭነቱን ቶሎ እንዲለቅ ስለሚያደርገው፣ የበለጠ የሚሠራው የበለጠ ይቀበላል።

ይሁን እንጂ በቅሎ ያለ ነጂ አይሄድም፤ የደም ነጂም ልብ ነው። ዐርፎ የተቀመጠ ሰው ልብ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም ይገፋል። በሚገባ የሠለጠነ ሯጭ ልብ ግን በብርቱ ሩጫ ጊዜ 30 ሊትርና ከዚያም በላይ ሊገፋ ይችላል። እንግሊዛዊው ሊቅ አርቺባልድ ሂል እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1920 በኋላ ባሉት ዓመታት ከባልንጀሮቹ ጋር በመረመረ ጊዜ፣ ሯጭ ፍጥነቱን እየጨመረ ቢሄድም ሰውነቱ ኦክሲጅን የሚወስድበት መጠን ከአንድ ወሰን እንደማያልፍ አሳየ። ይህ ወሰን ባልሠለጠነ ጐልማሳ ዘንድ ለአንድ ኪሎ ክብደት በደቂቃ 40 ሚሊ ሊትር ያህል ሲሆን፣ በታላላቅ ሯጮች ዘንድ ከ70 እስከ 85 ይደርሳል።

እንግዲህ ይህ ልዩነት ከልደት የሚገኝ ክፍል ቢኖረውም፣ በድካም የሚገኘው ክፍል ቀላል አይደለም። ሰው ሥልጠና በጀመረ በጥቂት ቀኖች የደሙ ፈሳሽ ይበዛል፤ በሳምንታትም ቀዮቹ ሕዋሳት ይጨምራሉ፤ በወራትና በዓመታት የልቡ ክፍል ሰፍቶ በአንድ ምት የሚገፋው ደም ይበረክታል፤ በጡንቻውም ውስጥ ጥቃቅን የደም ሥሮች ይበዛሉ። ቀይ የደም ሕዋስ ዕድሜው 120 ቀን ያህል ስለ ሆነ፣ ሰውነት ያለ ዕረፍት አዲስ መሥራት አለበት፤ ለዚህም በምግብ የሚገኝ ብረት ያስፈልገዋል። ብረት ያጣ ሯጭ፣ ይልቁንም ሴት ሯጭ፣ ትጋቷ ሳይጐድል ኀይሏ ይጐድላል።

የከፍታም ነገር ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በከፍታ ላይ አየር ስለሚሳሳ ሳንባ የሚያገኘው ኦክሲጅን ያንሳል። በ1961 ዓ.ም. የኦሊምፒክ ውድድር ከባሕር ወለል በላይ 2,240 ሜትር በሆነችው በሜክሲኮ ከተማ በተደረገ ጊዜ ይህ ለዓለም ሁሉ ተገለጸ። የ10,000 ሜትር ሩጫ ያሸነፈው ኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ የፈጀው ጊዜ በዚያ ዘመን ከነበረው የዓለም ክብረ ወሰን ወደ 2 ደቂቃ የሚጠጋ ይዘገያል። የክብረ ወሰኑ ባለቤት አውስትራሊያዊው ሮን ክላርክም ስድስተኛ ሆኖ እንደ ጨረሰ ወድቆ ኦክሲጅን ተሰጠው። ማሞ ወልዴ ግን በዚሁ ሩጫ ሁለተኛ ሆነ፤ ጥቅምት 10 ቀንም የማራቶኑን ሩጫ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ፈጽሞ የወርቅ ሜዳይ ተቀበለ።

ስለ ደገኛው ደም የተደረገው ምርመራ ደግሞ የሚያስደንቅ ነው። በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራራ የሚኖሩ ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው በዝቶ ይገኛል። የቲቤት ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው ያን ያህል አይበዛም፤ ነገር ግን ደማቸው የያዘው ኦክሲጅን ከሙሉው ይጐድላል። አሜሪካዊቱ ሊቅ ሲንቲያ ቢልና ባልንጀሮቿ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2002 ያወጡት ጽሑፍ ግን፣ በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ከሁለቱም እንደሚለዩ ይገልጻል። የወንዶቹ ሄሞግሎቢን በዴሲ ሊትር በአማካይ 15.9 ግራም፣ የሁሉም ደም የኦክሲጅን ሙላት በመቶ 95.3 ሆኖ ተገኘ፤ ይህም በቈላ በባሕር አጠገብ ከሚኖር ሰው ብዙ አይለይም።

ይህ ጸጋ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ጸጋው የገበሬውም፣ የእረኛውም፣ የመነኵሴውም ነው፤ ሁሉም ግን የማራቶን አሸናፊ አልሆነም። የክብር ዘበኛው ወታደር አበበ ቢቂላ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ከተማ ባዶ እግሩን ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ በደረሰ ጊዜ፣ የተወለደበት ደጋ ብቻውን አላደረሰውም። ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን በሥርዓት አዘጋጅቶት ነበር፤ እርሱም ምክሩን ተቀብሎ ደክሟል።

ድካሙን የሚሸሽ ሰው ግን ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ኦክሲጅን ሲያንስ ኩላሊት ኤሪትሮፖየቲን የሚባል ንጥረ ነገር ያወጣል፤ እርሱም የአጥንትን መቅኔ ቀይ ሕዋስ አብዝቶ እንዲሠራ ያዝዘዋል። ጠቢባን ይህን ንጥረ ነገር በብልሃት ሠርተው ለኩላሊት ሕመምተኞች መድኃኒት አደረጉት። ሳይቈይ ግን ጤነኛ ሯጮችና ብስክሌት ነጂዎች በስውር ይወጉት ጀመር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1990 በኦሊምፒክ ሹማምንት ተከለከለ፤ በ2000 በሲድኒ ውድድርም መመርመሪያው ሥራ ላይ ዋለ። አሜሪካዊው ብስክሌት ነጂ ላንስ አርምስትሮንግ በዚህና በሌሎች የተከለከሉ ነገሮች ምክንያት ሰባት የፈረንሳይ ዙር ድሎቹ በ2012 ተሰረዙበት። ከኢትዮጵያ ሯጮችም መካከል በዚህ ጥፋት የተቀጡ መኖራቸው የሚያሳዝን ነው።

ጥፋቱም በደንብ ላይ ብቻ የተሠራ አይደለም። ከልክ በላይ ቀይ ሕዋስ የበዛበት ደም ይወፍራል፤ ረግቶም የልብን ወይም የአንጐልን ሥር ሊዘጋ ይችላል። በልፋት የበረታውን ልብ መርፌ ሊያቆመው ይችላል ማለት ነው።

ስለዚህ ነገሩ የሯጩ ብቻ አይደለም። «ደማችን ይበቃናል» የሚል ሹም ለወጣቱ ምግብን፣ ሐኪምንና ጥሩ አሠልጣኝን ከማዘጋጀት ይዘናጋል፤ ድል በዘገየም ጊዜ ወጣቱ ብቻውን ከመርፌ ሻጩ ፊት ይቆማል። የደብር መምህርም ለወላጆች የሚሰጠው ምክር ቀላል አይደለም፤ ልጃቸው ገንዘብ ይዞ መምጣቱን ብቻ ሳይሆን በምን መንገድ እንዳገኘው እንዲጠይቁ ቢያስተምራቸው ብዙ ነፍስ ያድናል። የደጋ አየር ያለ ዋጋ የተሰጠ ስጦታ ነው፤ ስጦታውን ወደ ክብር የሚለውጠው ግን በየማለዳው የሚፈስ ላብና በንጹሕ ሕሊና የሚጠበቅ ደም ነው።