ካራ ሲገዙ ጀርባውን ይዩ

ሰንጢ ይታጠፋል፤ ካራና ጩቤ አይታጠፉም። ካራ በአንድ ወገን ይሳላል፣ ጩቤ በሁለቱም። ይህን የማያውቅ ያለ አይመስለኝምና አልፈዋለሁ። ለስብስብ ወይም ለስጦታ የሚገዛ የማይታጠፍ ስለት ግን የራሱ ጣጣ አለው። በቤይሩትና በዙሪያዋ ለምንኖር ኢትዮጵያውያን ደግሞ ይህ ጣጣ ገንዘብ ያስወጣል።

በቤይሩት የኖረ ኢትዮጵያዊ የከተማዋን ዳርቻ ሐዝሚዬን የሚያውቃት ከቆንስላችን ጋር አያይዞ ነው። እኔ ግን ስሟ ሲነሣ ቀድሞ ትዝ የሚለኝ መንገዷ ነው። ከቤይሩት ተነሥቶ ተራራውን አቋርጦ ደማስቆ የሚገባው ጎዳና በሐዝሚዬ ያልፋል። በ1863 እ.ኤ.አ. አንድ የፈረንሳይ ኩባንያ ለፈረስ ሠረገላ ከፈተው፤ ዛሬ መኪናና ጭነት ይተላለፍበታል። ይህን ቅርበት ነጋዴው በደንብ ያውቀዋል። «ደማስቆ እኮ እዚሁ ናት» እያለ፣ በላዩ ላይ የሚያማምሩ መስመሮች ያሉትን ካራ ሁሉ «የደማስቆ ብረት» ብሎ ይሸጣል። ስለት ወዳድ ሁሉ የሚታለለው በዚህ ስም ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ላስረዳ።

ጥንት የደማስቆ ጎራዴ ተብሎ ዝናው አገር ለአገር የዞረው ብረት የሚቀልጠው በሕንድ፣ በስሪ ላንካና በመካከለኛው እስያ ነበር። ብረት ከከሰልና ከቅጠል ጋር በሸክላ ዕቃ ውስጥ ይታሸግና እስኪቀልጥ ድረስ ይነድበታል፤ ከዚያ ቀስ ብሎ እንዲበርድ ይተዋል። ሸክላው ሲሰበር ትንሽ ጥፍጥፍ ብረት ይወጣል። የዚህ ብረት ካርቦን አንድ ተኩል በመቶ ገደማ ነው፤ ለካራ ከተለመደው ብረት ይበልጣል። ጥፍጥፉን የደማስቆና የፋርስ ቀጥቃጮች በመጠነኛ ግለት እያመላለሱ ይቀጠቅጡታል። እሳቱ ከበዛበት በመዶሻ ሥር ይፈረካከሳል፤ ሙያው ያለው እዚህ ላይ ነው። በልኩ ሲቀጠቀጥ ብረቱ ውስጥ ያሉት ጠንካራ የብረትና የካርቦን ውሕድ ቅንጣቶች ረድፍ ይይዛሉ፤ ስለቱ ሲወለወልና በአሲድ ሲታጠብ እነዚያ ረድፎች ሞገድ የመሰለ መስመር ሆነው ይታያሉ። መስመሩ ከብረቱ ከራሱ የሚወጣ እንጂ ከውጭ የሚሳልበት ጌጥ አይደለም።

ተይሙር በ1401 እ.ኤ.አ. ደማስቆን ሲይዝ የእጅ ባለሙያዎቿን ወደ ሳማርካንድ አጋዘ። ጥበቡ ግን በአንድ ቀን አልሞተም፤ በሌሎች ከተሞች ብዙ ዘመን ቆይቶ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከነአካቴው ጠፋ። ለምን እንደጠፋ ሲከራከሩ የኖሩ ብዙ ናቸው። እኔን ያሳመነኝ የአሜሪካው የብረት ሊቅ ጆን ቨርሆቨንና የቀጥቃጩ አልፍሬድ ፔንድሬይ ሥራ ነው። ሁለቱ ተባብረው ያንን ብረት እንደገና ሠሩት፤ ረድፉን የሚፈጥሩት በማዕድኑ ውስጥ እጅግ በጥቂቱ የሚገኙ እንደ ቫናዲየም ያሉ ንጥረ ነገሮች መሆናቸውንም በ1998 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ አስረዱ። እንዲህ ከሆነ፣ ያ ዓይነት ማዕድን ሲነጥፍ ቀጥቃጩ የአባቱን ሙያ አንድም ሳያጎድል ቢሠራ እንኳ መስመሩ አይወጣለትም። በ2006 እ.ኤ.አ. ደግሞ የድሬስደን ተመራማሪዎች በአንድ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ጎራዴ ውስጥ በዓይን የማይታዩ የካርቦን ቱቦዎች አገኙ።

ታዲያ ዛሬ በመደብር የሚሸጠው «ደማስቆ» ምንድን ነው? ሁለት ዓይነት ብረት ተነባብሮ፣ በእሳት ተጣብቆ፣ እየታጠፈ እንደ ሊጥ የተዳመጠ ነው። አንደኛው ብረት ኒኬል ስላለበት አሲድ ሲነካው ብሩህ ሆኖ ይቀራል፤ ሌላኛው ይጠቁራል፤ መስመሩ የሚመጣው ከዚህ ነው። አሜሪካዊው ቢል ሞራን በ1973 እ.ኤ.አ. በቢላዋ ሠሪዎች ትርኢት ላይ ይዞት ከቀረበ ወዲህ ስሙ በዓለም ተሰራጨ። በሚገባ ሲሠራ ግሩም ብረት ነው፣ አልነቅፈውም። ነገር ግን ከጥንቱ ጋር የሚያገናኘው ስሙ ብቻ ነው።

ከዚህ የከፋም አለ። አንዲት በቤይሩት ለዓመታት የሠሩ ታላቅ እህታችን ጎጃም ላለው ወንድማቸው የገዙትን ካራ አሳዩኝ። ጎንና ጎኑ በመስመር የተሞላ ነው። ጀርባውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞርኩት፤ ልሙጥ ነው፣ አንድም መስመር የለውም። በእውነት የተነባበረ ብረት ቢሆን ኖሮ የንብብሩ መስመር ከጎን ወደ ጀርባ ተሻግሮ ይታይ ነበር። ፈቃዳቸውን ጠይቄ እጀታው ሥር በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ጥፍር የምታህል ቦታ ፈተግኩ። መስመሩ ተገፎ ከሥሩ ተራ ነጭ ብረት ወጣ።

«እንዴ ልጄ፣ ከደማስቆ የመጣ ነው ብሎኝ እኮ ነው!»

«እትዬ፣ ካራው ይቆርጣል፣ አይጣል። ውሸቱ ጌጡ ላይ ነው» አልኳቸው።

የአንድ ወር ደመወዛቸው ግማሽ ወጥቶበታል። እንዲህ ላለው ነገር ዝም ማለት አልወድም። ስለዚህ ካራ ከመግዛታችሁ በፊት ጀርባውን፣ የስለቱን ጫፍና እጀታው የሚጀምርበትን ቦታ በብርሃን እዩ። ጀርባው በመወልወል ሊደበዝዝ ይችላል፤ ያኔ የስልካችሁን መብራት በጎን በኩል አብሩበት። ሻጩ ብረቱ ምን እንደሆነ መናገር ካልቻለ ጌጡን ትታችሁ ሂዱ።

ቀሪውን ባጭሩ ልበል። ለሜዳ ሥራ የሚሆን ብረት ወይ ተራው የካርቦን ብረት ነው፣ ወይ ከ10.5 በመቶ ያላነሰ ክሮሚየም ያለበት የማይዝገው ነው። የመጀመሪያው ቶሎ ይሳላል፣ ቶሎም ይዝጋል፤ ሁለተኛው ችላ ቢባልም ይታገሣል፣ ግን «የማይዝግ» መባሉ ጨርሶ አይዝግም ማለት አይደለም። የብረቱ ጭራ በእጀታው ውስጥ እስከ መጨረሻው መዝለቁ ጥሩ ነው። «ጭራው የእጀታውን ሙሉ ስፋት ካልያዘ ካራ አይባልም» የሚሉ ግን ያጋንናሉ። የአሜሪካ ባሕር ኃይል እግረኞች ከ1942 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታጠቁት ካ-ባር ጭራው ቀጭን ነው፤ እጀታውም የተደራረበ ቆዳ ነው፤ ጦርነቱን ግን ተወጥቶታል። ለመጀመሪያ ካራ ርካሹን የስዊድን ሞራ የሚያህል የለም። ብዙ ሰብሳቢዎች በዋጋው ይንቁታል፤ በስለቱ ግን ብዙ ውድ ካራ አይደርስበትም።

ሊባኖስ ላይ ሆኖ ስለት የሚሰበስብ ሰው ደማስቆን ከመመኘት ይልቅ ወደ ደቡብ ይመልከት። ከቤይሩት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከሳይዳ በላይ በተራራው ላይ የተቀመጠችው ጄዚን የስለት ከተማ ናት። የሐዳድ ቤተሰብ ከ1770 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትውልድ ለትውልድ እየተቀባበለ እዚያ ይሠራል። በፊት ጎራዴና ጩቤ ነበር ሥራው፤ የመሣሪያው ገበያ ሲቀዘቅዝ ወደ ገበታ ቢላዋና ሹካ አደላ፤ ጩቤውን ግን አልተወውም። እጀታው ከቀንድ ወይም ከአጥንት ይሠራና በወፍ ራስ ቅርጽ ይጠረባል፤ መንቆሩና ክንፉ በናስና በቀለም ይለበጣል። የሊባኖስ መንግሥት ለውጭ አገር መሪዎች ስጦታ አድርጎ የሚሰጠው ይህንኑ ነው። በጄዚን ጩቤ እንጨት አይፈለጥበትም። ለስብስብ ግን ማን፣ የት፣ ከየትኛው ቤተሰብ እንደሠራው የሚታወቅ ዕቃ ነው፤ ይህ እኔ ዘንድ ከማንኛውም መስመር ይበልጣል።

አሁን ለግዴለሾች አንድ ቃል። ቤይሩት የባሕር ዳር ከተማ ናት፤ ሐዝሚዬም ከፍ ብትልም ጨው ያለበት እርጥበት ይደርሳታል። ካራን በቆዳ አፎቱ ውስጥ ከትቶ ለወራት መተው ጥፋት ነው። ቆዳው እርጥበት ይይዛል፣ የተለፋበትም ነገር ብረቱን ይበላዋል፤ ናስ ላይም አረንጓዴ ዝገት ያወጣል። ብረቱን ቀለል ያለ ዘይት ቀብታችሁ ለብቻው በጨርቅ ጠቅልሉት፣ አፎቱን ጎኑ አስቀምጡት። የቀንድ እጀታ ከምድጃና ከፀሐይ ይራቅ፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። አገር ቤት ስትገቡ ደግሞ ካራ በእጅ ሻንጣ አይያዝም፤ በአውሮፕላን ማረፊያ ተወስዶባቸው ሲያለቅሱ ያየኋቸው አሉ።

ወደ እኛው ልምጣ። ኢትዮጵያዊ ሰብሳቢ የአፋር ጊሌ ሳይኖረው የስዊድን ካራ መደርደሩ ያሳዝነኛል። ጊሌ በሁለት ወገን የተሳለ፣ ጠመም ያለ፣ በወገብ የሚታጠቁት ጩቤ ነው፤ ለበረሃ ኑሮ ታስቦ የተሠራ መሆኑ አንድ ጊዜ በእጅ ሲይዙት ይታወቃል። የደጋው ቀጥቃጭም ቢሆን አይናቅ። ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ የሚሠራው ካራ ጌጥ የለውም፤ ብረቱ ግን የመኪና ክብደት ሲሸከም የኖረ፣ ሲጎብጥ ተመልሶ የሚቃና ብረት ነው። ባለሙያው አግሎ በልኩ ካበረደው ከብዙ የመደብር «ደማስቆ» ይሻላል። መርካቶ ምናለሽ ተራ ገብቶ ቀጥቃጮቹ ብረት ሲያገላብጡ ያየ ሰው ይህን አይጠራጠርም።

ችግሩ ባለሙያውን አለማወቃችን ነው። የጄዚኑ ሐዳድ በስሙ ሲከበር፣ የእኛው ጠይብ «ቡዳ» እየተባለ ሲሸሽ ኖረ። በጎንደር ዙሪያ ማረሻና ካራ ሲሠሩ የነበሩት ቤተ እስራኤሎች በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተካሄዱት ዘመቻዎች ወደ እስራኤል ሲሄዱ አብዛኛው ሙያ አብሯቸው ሄደ። እነሱ የሠሯቸው ስለቶች ዛሬም በየገበሬው ቤት አሉ፤ የሠራቸው ሰው ስም ግን በአንዱም ላይ የለም። በውጭ ሙዚየሞች የተቀመጡት ጎራዴዎቻችንም እንዲሁ ናቸው። በጀርመን ዞሊንገን ለኢትዮጵያ የተሠራው ጎራዴ የፋብሪካው ማኅተም አለበት፤ በአገር ልጅ የተቀጠቀጠው ግን «የሐበሻ ጎራዴ» ከመባል አያልፍም።

ስለዚህ ለእረፍት አገር ቤት የምትገቡ እህቶችና ወንድሞች፣ ይህን አደራ እላችኋለሁ። ካራ ወይም ጊሌ ስትገዙ ቀጥቃጩን ስሙን፣ ቀበሌውን፣ ሙያውን ከማን እንደተማረ፣ ብረቱን ከየት እንዳመጣው ጠይቁት። ፈቃዱ ከሆነ በወረቀት ጽፋችሁ፣ ቀኑን ጨምራችሁ ከካራው ጋር አኑሩ። ወረቀቱን ግን አፎቱ ውስጥ አትክተቱት፤ እርጥበት ይይዛል።