የቆየ ሰነድ፣ የተለወጠ ቋንቋ፦ የፓይተን ማስተማሪያ ጽሑፎችን ስለ ማደስ



ንግግሬን በራሴ ስህተት እጀምራለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የመግቢያ ኮርስ ፈተና ላይ «በፓይተን 7 በእዝባር ለ2 ሲካፈል ውጤቱ ስንት ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። የመልስ ቁልፌ 3 ይል ነበር። 3.5 ብላ የጻፈች ተማሪ ነጥብ ተቀነሰባት። በማግሥቱ ቢሮዬ መጥታ፣ «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እዚሁ ኮምፒውተርዎ ላይ ይሞክሩት» አለችኝ። ሞከርሁት፤ 3.5 ወጣ። ሃንድአውቴን የሸመደዱት ነጥብ አገኙ፤ በማሽኑ ላይ የሞከረችው ተቀጣች። ከዚህ የከፋ የማስተማር ውድቀት አላውቅም።

ምክንያቱ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ ይፋ የሆነው ፓይተን 3፣ የቆዩ ጉድለቶችን ለማረም ሲባል ከቀደመው እትም ጋር መጣጣምን ሆን ብሎ የተወ ነበር። የፓይተን 2 ድጋፍ ደግሞ በ2015 እንዲያበቃ ከታቀደ በኋላ እስከ 2020 ተራዘመ። ስለዚህ ሁለቱ ቋንቋዎች ከአሥር ዓመት በላይ ጎን ለጎን ኖሩ፤ የማስተማሪያ ጽሑፎቻችንም ተደበላለቁ።

ለውጦቹን በሦስት እከፍላቸዋለሁ።

የመጀመሪያው ጮኾ የሚሰበረው ነው። «ፕሪንት» ቀድሞ ያለ ቅንፍ የሚጻፍ ትእዛዝ ነበር፤ ዛሬ ፈንክሽን ስለሆነ ቅንፍ ይፈልጋል። ተማሪው የድሮውን ምሳሌ ቢገለብጥ ማሽኑ ወዲያው ስህተቱን ይነግረዋል። ያናድዳል እንጂ አያሳስትም።

ሁለተኛው በዝምታ የሚለወጠው ነው፤ አደገኛውም ይኸው ነው። በፓይተን 2 ሁለት ሙሉ ቁጥሮች በአንድ እዝባር ሲካፈሉ ቀሪው ይጣል ነበር፤ በፓይተን 3 ግን አስርዮሹ ይጠበቃል። የኮዱ መልክ አንድ ነው፤ ትርጉሙ ግን ሌላ ነው። ከቋንቋው ጋር ይሰጥ የነበረው አውቶማቲክ መቀየሪያም ቅንፉን ይጨምራል እንጂ ማካፈሉን አይነካም፤ ቁጥሮቹ ሙሉ ይሁኑ አስርዮሽ፣ ኮዱን በማንበብ ብቻ ሊያውቅ አይችልምና። ጸሐፊው ምን ለማለት እንደፈለገ የሚያውቀው ሰው ብቻ ነው። ሙሉ ቁጥር ከፈለገ ሁለት እዝባር ይጻፍ።

ሦስተኛው ያረጀ ግን የሚሠራ ነው። ጽሑፍና ቁጥርን በመቶኛ ምልክት ማዋሐድ ዛሬም ይሠራል፤ በ2016 ከፓይተን 3.6 ጋር የመጣው ኤፍ-ስትሪንግ ግን ለማንበብ ይቀላል። እዚህ ላይ የምመክረው ማጥፋትን አይደለም። ተመራቂዎቻችን በሥራ ቦታ የድሮ ኮድ ይገጥማቸዋል። ዋናው ምሳሌ በአዲሱ ይጻፍ፤ አሮጌው «እንዲህም ተጽፎ ታገኙታላችሁ» ተብሎ በአንድ አንቀጽ ይገለጽ።

ከዚያ ፈተና ወዲህ ሦስት ልማዶች አሉኝ። በእያንዳንዱ ሃንድአውት አናት ላይ የቋንቋውን እትም ቁጥርና የታደሰበትን ቀን እጽፋለሁ። በየሴሚስተሩ መጀመሪያ ምሳሌዎቹን ሁሉ አንድ በአንድ አስኬዳለሁ፤ ውጤቱን ከታተመው ጋር አመሳክራለሁ። ያረምሁትንም ለተማሪዎቼ በግልጽ እነግራለሁ። ይህ ለእኛ ይብልጥ ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔት በተቋረጠ ቀን ተማሪው የሚያምነው በእጁ ያለውን ፎቶ ኮፒ ነውና።

የዚያችን ተማሪ ነጥብ መለስሁ። ባትደፍር ኖሮ ግን ዛሬም 3 እያልሁ አስተምር ነበር። የኔንም ሃንድአውት ሞክራችሁ እመኑ።