አምራቹ በተሸጠ ኮንሶል ላይ ያለው ሥልጣን እስከ የት ይዘልቃል?

የጃፓኑ ኒንቴንዶ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 ለአሜሪካ ደንበኞቹ ያወጣው የተሻሻለ ስምምነት፣ ደንበኛው ጨዋታ ያለ ፈቃድ ቢቀዳ ወይም የኮንሶሉን የጥበቃ ሥርዓት ቢነካካ፣ ኩባንያው አካውንቱን ከመዝጋት አልፎ ኮንሶሉን ራሱን በከፊል ወይም ሙሉ በሙሉ ለዘለቄታው ከጥቅም ውጭ ሊያደርገው እንደሚችል ይገልጻል። ኮንሶል ከቴሌቪዥን ጋር ተገናኝቶ ወይም በእጅ ተይዞ የቪዲዮ ጨዋታ የሚያጫውት ኮምፒውተር ሲሆን፣ በቀጣዩ ወር በ449.99 ዶላር ለገበያ የቀረበው ስዊች 2 በዚሁ ስምምነት ሥር ይወድቃል።

ሥልጣኑ በወረቀት ላይ ብቻ አልቀረም። ሚግ ስዊች የተባለውን፣ የበርካታ ጨዋታዎችን ቅጂ በአንድ ካርድ መያዝ የሚያስችል መሣሪያ በስዊች 2 ላይ የተጠቀሙ ሰዎች ብዙም ሳይቆዩ 2124-4508 የሚል የስህተት ቁጥር በማያ ገጻቸው ላይ አገኙ፤ ትርጉሙም ኮንሶሉ ከኩባንያው የኢንተርኔት አገልግሎት ታግዷል ማለት ነው። የታገደው ኮንሶል ይበራል፣ ሙሉ ይዘታቸው በካርዱ ላይ ያለ ጨዋታዎችንም ያጫውታል፤ ይሁንና ከመደብሩ መግዛት፣ ዝመና ማውረድና ከሌሎች ጋር በኢንተርኔት መጫወት አይችልም። ለስዊች 2 ከሚሸጡት ካርዶች አንዳንዶቹ የመክፈቻ ፈቃድ ብቻ የያዙና ጨዋታው ራሱ ከኢንተርኔት እንዲወርድ የሚጠይቁ በመሆናቸው፣ ለእነዚህ ሲባል በሕጋዊ መንገድ የተከፈለው ገንዘብም በታገደ ኮንሶል ላይ ዋጋ ያጣል።

እገዳው የሚፈጸምበት መንገድ ለኢኮኖሚያዊ ክርክሩ ወሳኝ ነው። እያንዳንዱ የጨዋታ ካርድ የራሱ የሆነ ዲጂታል መለያ ያለው በመሆኑ፣ አንዱ መለያ በሁለት ኮንሶሎች ላይ በተመሳሳይ ጊዜ ከታየ የኩባንያው ሰርቨር፣ ማለትም አገልግሎቱን የሚያቀርበው ማዕከላዊ ኮምፒውተር፣ ካርዱ መቀዳቱን ይረዳል፤ ከሁለቱ የትኛው ባለቤት እንደቀዳው ግን ከመለያው ብቻ ሊያውቅ አይችልም። ጨዋታውን ቀድቶ ካርዱን የሸጠ ሰው ያስከተለው ቅጣት፣ ካርዱን በቅን ልቦና በገዛው ሰው ላይ ሊያርፍ ይችላል ማለት ነው። በ2025 ያገለገሉ ካርዶችን ገዝቶ የታገደ አንድ ተጠቃሚ፣ እገዳው የተነሣለት የግዢውን ማስረጃ ለኩባንያው ካቀረበ በኋላ እንደነበር ተዘግቧል። ከሳሹም ዳኛውም ቅጣት ፈጻሚውም አንድ ወገን በሆነበት ሥርዓት፣ ንጹሕነቱን የማስረዳት ሸክም በገዢው ላይ መውደቁ የሚጠበቅ ውጤት ነው።

አምራቾች የሚያቀርቡት መከራከሪያ ክብደት የሌለው አይደለም። በዚህ ኢንዱስትሪ ተሻጋሪ ድጎማ የተለመደ አሠራር ነው፤ ይኸውም አንዱን ምርት ከወጪው በታች ሸጦ ኪሳራውን በሌላው ምርት ትርፍ ማካካስ ማለት ነው። የማይክሮሶፍት የጌም ዘርፍ ኃላፊ የነበሩት ፊል ስፔንሰር በ2022 ኩባንያቸው በእያንዳንዱ ኮንሶል ላይ ከ100 እስከ 200 ዶላር እንደሚደጉም ተናግረዋል፤ ያን ገንዘብ የሚመልሰው የጨዋታ ሽያጭ በመሆኑ፣ የተሰረቀ ቅጂ የሚያጫውት ኮንሶል ለአምራቹ ንጹሕ ኪሳራ ነው። ይሁን እንጂ ኒንቴንዶ የመጀመሪያውን ስዊች በ2017 ሲያወጣ በኪሳራ እንደማይሸጥ አስታውቆ ነበር። ድጎማ በሚኖርበትም ጊዜ ቢሆን፣ ከወጪ በታች ለመሸጥ የወሰነው ሻጩ ስለሆነ፣ ዋጋውን ማቅለሉ ገንዘቡን ከፍሎ የወሰደውን ሰው ከባለቤትነት ወደ ተከራይነት አያወርደውም።

ከባዱ ጉዳት የሚደርሰው በሁለተኛ እጅ ገበያ ላይ ነው። አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ስላገለገሉ መኪኖች ባሳተመው ጥናት፣ ሻጩ የዕቃውን ጉድለት የሚያውቅና ገዢው የማያውቅ ሲሆን፣ ገዢዎች ለሁሉም ዕቃ ዝቅተኛ ዋጋ ብቻ እንደሚሰጡ፣ የጥሩ ዕቃ ባለቤቶችም በዚያ ዋጋ ከመሸጥ ይልቅ ከገበያው እንደሚወጡና መጥፎው ዕቃ ጥሩውን እንደሚያስወጣ አሳይቷል። የታገደ ኮንሶል የዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ከውጭ ሲታይ ከጤነኛው አይለይም፣ ጉድለቱም የሚታወቀው ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኝ ነው። ኪሳራው የሚደርሰው ኮንሶሉን ባላጠፋው ገዢ ላይ ሲሆን፣ ያገለገለ ዕቃ የሚፈራበት ገበያ ግን አዲስ ዕቃ የሚሸጠውን አምራች ይጠቅማል፤ ሥልጣኑን የሚጠቀመው ወገን ስህተቱ የሚያስከትለውን ወጪ ስለማይሸከም ለጥንቃቄ የሚገፋፋው ኢኮኖሚያዊ ምክንያት አነስተኛ ነው። ያገለገሉ ዕቃዎች በመንገደኛ ሻንጣ በሚገቡበት እንደ ኢትዮጵያ ባለ አገር፣ ገዢው ይግባኝ የሚልበት የአምራች ቢሮ በቅርብ ስለማይኖር ጉዳቱ ይብሳል።

በአሜሪካ ሕግ ሽያጭ የአምራቹን መብት የሚያበቃበት መርሕ አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2017 በሌክስማርክ የማተሚያ ቀለም ጉዳይ፣ የፈጠራ ባለመብት ዕቃውን ከሸጠ በኋላ በፓተንት መብቱ የገዢውን አጠቃቀም ሊቆጣጠር እንደማይችል ወስኗል። ሶፍትዌር ግን የሚሸጥ ሳይሆን ፈቃድ የሚሰጥበት ነው ስለሚባል፣ ከዕቃው ጋር የተጣበቀው ሶፍትዌር አምራቹን በጓሮ በር ይመልሰዋል። ሶኒ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 2010 በለቀቀው ዝመና ፕሌይስቴሽን 3 የተባለው ኮንሶሉ ሊኑክስ የተባለውን የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና የመጫን ችሎታውን እንዲያጣ አድርጓል፤ ዝመናውን ያልተቀበለ ደንበኛ የኩባንያውን የኢንተርኔት አገልግሎት ያጣ ነበር። ደንበኞች በዚህ ምክንያት ያቀረቡት ክስም ከዓመታት በኋላ በ3.75 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተቋጨ። በኢትዮጵያም ቢሆን የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1204 ባለቤትነትን በግዙፍ ዕቃ ላይ ያለ ከሁሉ የሰፋ መብት አድርጎ ይቆጥረዋል፣ በሕግ መሠረት ካልሆነም አይገደብም ይላል።

ስለዚህ ትክክለኛው መስመር በአገልግሎትና በዕቃ መካከል ይሰመራል። ሰርቨሩ የአምራቹ ንብረት በመሆኑ፣ ሌሎች ተጫዋቾችን የሚያጭበረብርን ሰው ከዚያ ማስወጣት መብቱ ነው፤ ገዢው ቤት ያለውን ኮንሶል መግደል ግን የመንግሥት ፍርድ ቤት እንኳ ያለ ክርክር የማይወስነው ቅጣት ነው። በብራዚል የሳኦ ፓውሎ ግዛት የሸማቾች ጥበቃ ተቋም ኒንቴንዶ ይህን አንቀጽ እንዲያሻሽል በ2025 ጠይቋል። ሌሎች ተቆጣጣሪዎችም በዚያው መንገድ ቢሄዱ፣ የታገዱ ኮንሶሎች ከመሸጣቸው በፊት በመለያ ቁጥራቸው ሊጣሩ የሚችሉበትን ነፃ መዝገብ አምራቹ እንዲከፍት፣ ከእገዳ በፊት ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲያሳውቅ፣ ይግባኙም ከኩባንያው ውጭ ባለ አካል እንዲታይ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራው የኮንሶሉ አገልግሎት ደግሞ በምንም ምክንያት እንዳይነካ ማስገደድ ይችላሉ።