እብድ መምሰል ስንት ያስከፍላል?

ባለፈው ቅዳሜ ጣና ዳር ቁጭ ብዬ ጸጋዬ ገብረ መድኅን የተረጎመውን «ሐምሌት» አነብ ነበር። ጓደኛዬ ሽፋኑን አይቶ «ያ ያበደው ልጅ አይደል?» አለኝ። «አላበደም፤ እብድ መሰለ እንጂ» አልኩት። ክርክሩ ሳያልቅ መሸ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዴንማርኩ ልዑል አባቱን የገደለው አጎቱ መሆኑን ከአባቱ ሙት መንፈስ ይሰማል። አጎትየው ዙፋኑንም እናቱንም ወስዷል። ልጁ ደሙን እስኪመልስ ድረስ እብድ መስሎ ለመቆየት ይወስናል።

እብድ መምሰል አንዳንዴ ያዋጣል። ዳዊት ገና ሳይነግሥ በጌት ንጉሥ በአንኩስ ፊት ልጋጉን እያዝረበረበ አምልጧል። በ2005 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለመው ቶማስ ሼሊንግም፣ በድርድር ላይ አእምሮው የማይታመን መስሎ መታየት ራሱ ጉልበት ሊሆን እንደሚችል አስረድቷል።

ታዲያ ሐምሌትን ለምን አላዋጣውም? ከሼክስፒር 400 ዓመት ገደማ ቀድሞ ሳክሶ ግራማቲከስ በጻፈው ታሪክ ገዳዩ አጎት የታወቀ ነው። ልጁ አንድ ቀን እንደሚበቀለው ይሰጋል፤ ስለዚህ ጅል መምሰል የልጁን ነፍስ ያተርፋል። በሼክስፒር ግን ግድያው ምስጢር ነው። ሐምሌት ዝም ቢል ማንም አይጠረጥረውም ነበር። እብደቱ ግን ንጉሡን አስደነገጠው፤ የልጅነት ጓደኞቹ ሳይቀሩ ሰላይ ሆነው ተላኩበት። መደበቂያ ያለው ነገር አጋለጠው።

ሂሳቡን ደግሞ ሌላ ሰው ከፈለ። የሚወዳት ኦፌሊያ በእሱ ተሰደበች፤ አባቷን ከመጋረጃ ጀርባ በስህተት ገደለባት። እሱ እብድ ሲመስል እሷ የምር አበደች፤ ውሃ ውስጥም ሞተች።

ይህ ለእኔ ቲያትር ብቻ አይደለም። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» በሚባልበት አገር ነው ያደግነው። አያቴ ወንድሙ ተገድሎበት ለዓመታት የረሳ መስሎ ኖረ። ሰፈሩ «ሞኝ ነው» ይለው ነበር። እናቴ እንደምትነግረኝ ግን ቤት ውስጥ እንቅልፍ የሚባል ነገር አልነበረም፤ እሱ ሌሊት በተነሳ ቁጥር አያቴ እማማ በሩን ትጠብቅ ነበር። ያሰበውን ሳያደርስ ሽማግሌዎች ገቡ፤ ሁለቱንም ወገን አስቀምጠው የታመቀውን ሁሉ በአደባባይ አናገሩ። የደም እርቅ ወረደ።

ሐምሌት እንዲህ ያለ ሽማግሌ አልነበረውም፤ ገዳዩም ዳኛውም አንድ ሰው ነበርና። እኛ ግን አለን። የተጎዳ ሰው ዝም ሲል «ረስቶታል» ብለን ከመሄዳችን በፊት እስቲ እንጠይቀው።